ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

በካርቱም ከተማ ደይም በተባለው ሰፈር፣ የሐበሻ ቡና ጢስና የሱዳኖች የሰንደል ዕጣን በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በሚገናኙበት ቦታ፣ ከጎንደር ወገን የመጡ አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ ይኖሩ ነበር፤ ሰፈርተኛውም ስማቸውን ትቶ «ሲስተር» ብቻ እያለ ይጠራቸው ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 2015 ዓ.ም. ዕለቱ ዓርብ ስለ ነበረ የከተማው መሥሪያ ቤት ሁሉ ተዘግቶ፣ የጁምዓው ጸሎት አብቅቶ ሕዝቡ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ከሁለት ቀን በፊት በፕሪቶሪያ የተፈረመው የሰላም ስምምነት በየቡናው ሲወራ፣ ዕድሜአቸውን ቅኔ በማስተማር የፈጁት የኔታ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ሲስተር ግቢ ገቡ። እኔ የሲስተርን ሬዲዮ ልጠግን ሄጄ ከጥግ ተቀምጬ ነበርና፣ የሰማሁትን ቃል በቃል ባይሆንም አካሄዱን ሳልለውጥ እነሆ ጻፍሁት።

የኔታ፦ ቡናው ይቆየኝ፣ እኅቴ። የወንድሜ ልጅ ነገ ቅዳሜ ጧት ሐኪም ቤት ገብተሽ ተኚ ተብላለች፤ ምጥ ሳይዛት ምጥ ሊያመጡባት ነው። ኪኒን ቢሆን ከሰውም የሰማሁት ነው፤ እነዚህ ግን ጫፉ ላይ ፊኛ ያለበት ቱቦ በማኅፀንዋ አፍ አሳልፈን፣ ፊኛውን ውኃ ሞልተን፣ ቱቦውን ከጭንዋ ጋር አጣብቀን እናሳድራታለን ነው የሚሉት። ጠቢቡ ሰሎሞን ለመውለድም ጊዜ እንዳለው ተናግሯል፤ ጊዜውን የሚያውቀው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ሰው በፈጣሪ ደጅ ቱቦ ሰድዶ ቶሎ ውጣ ይላልን?

ሲስተር፦ በመጀመሪያ ይቀመጡ፣ የኔታ፤ ቆሞ የሚከራከር ሰው ለቁጣ ይቸኩላል። ይህን የርስዎን ጥያቄ ሐኪሞቹ ራሳቸው ቀድመው ጠይቀውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1756 በሎንዶን ከተማ ስመ ጥር የሆኑ ሐኪሞች ተሰብስበው፣ ዳሌዋ ከመጥበቡ የተነሣ የደረሰ ልጅ መውለድ የማይቻላትን ሴት፣ ልጁ ገና ሳይገዝፍ ምጥ ማስጀመር በሕገ ልቡና የተፈቀደ ነውን ወይስ አይደለም ብለው መክረዋል፤ የተፈቀደ ነው ብለውም ተለያይተዋል። ያን ጊዜ መንገዱ የእንሽርቱን ሽፋን በመሣሪያ መቅደድ ነበር። አይደረግም ቢሉ ኖሮ የሚቀራቸው ምን እንደ ነበረ ያውቃሉ? ልጁን በማኅፀን ሳለ ቆራርጦ ማውጣት። በዚያ ዘመን ሆድዋ ተቀድዶ በሕይወት የተረፈች ሴት ማግኘት እጅግ አዳጋች ነበርና።

የኔታ፦ እግዚኦ! ይህስ ከራሔል ጭንቅ የባሰ ነው። ነገር ግን ለጠባብ ዳሌ የተፈቀደው ለሁሉ ይፈቀዳልን? የኛ ልጅ ዳሌዋ ሰፊ ነው፤ እናትዋም ሰባት ወልዳለች።

ሲስተር፦ ለሁሉማ አይፈቀድም። ደምዋ ከፍ ብሎ ራስዋን ለሚያማት፣ እጅ እግርዋ ለሚያብጥባት፣ እንሽርቱ ፈስሶ ምጡ ለዘገየባት፣ ልጁ በሆድዋ ለሞተባት፣ ቀኑም ላለፈባት ነው። ቀን ሲያልፍ እንግዴ ልጁ እንደ አረጀ ሞግዚት ይደክማል፤ ሕፃኑን ይመግብ የነበረው ቀስ በቀስ ይሰንፋል። የዓለም ጤና ድርጅት 41 ሳምንት ለሞላት ሴት ምጥ እንዲጀመርላት የሚመክረው ስለዚህ ነው።

የኔታ፦ 41 ሳምንት ሞልቷታል ነው የሚሉት። ይሁን። ቱቦው ግን ከልቤ አልገባም።

(ሲስተር ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሳቡ። ከውስጡ በወረቀት የታሸገ ብርቱካን መልክ ያለው የጎማ ቱቦና አንድ ትልቅ ስሪንጅ አውጥተው፣ ከጀበናው አጠገብ የነበረውን ባዶ ስኒ ውኃ ሞሉት።)

ሲስተር፦ እንግዲህ በዓይንዎ ይዩት። ይህ ከእስክሪብቶ የሚቀጥን ጎማ ነው። በመጀመሪያ የተሠራው ለሴት አልነበረም፤ ፎሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1930ዎቹ ሽንታቸው ለሚታገድባቸውና ለሚደሙ ወንዶች ያሰናዳው ነው። የኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ይቀልዳል፤ ለሽንት ፊኛ የተሠራ ፊኛ ያለው ቱቦ ማለት ነው። አሁን የስኒውን ውኃ በስሪንጁ ስቤ ልስደደው።

(የቱቦው ጫፍ ቀስ እያለ አበጠ፤ ስሪንጁ እኩል ሲደርስ አንድ ሎሚ አከለ፣ ስኒው ሲያልቅ ደግሞ የዶሮ ዕንቁላል የሚያህል ሆኖ በሲስተር መዳፍ ላይ ተኛ። የኔታ በጣታቸው ጫፍ ነክተው እጃቸውን መለሱ።)

የኔታ፦ ይኸው ነው?

ሲስተር፦ ይኸው ነው። በዚህ ስኒ ልክ 60 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ግማሹን ብቻ የሚሞሉም አሉ። ያልደረሰ የማኅፀን አፍ በጣት ሲነካ እንደ አፍንጫ ጫፍ ደንደን ያለ ነው፤ የደረሰው ግን እንደ ከንፈር ይለሰልሳል። በአፍንጫ ጫፍ ላይ ምጥ ቢያስነሡበት መዝጊያው ሳይከፈት ቤቱን ማናወጥ ነው፤ እናትም ትደክማለች፣ ልጁም ይታፈናል፣ መጨረሻውም ኦፕራሲዮን ይሆናል። ቱቦው በማኅፀን አንገት አልፎ ፊኛው ከበላይ ሲሞላ፣ ወደ ታች ለዘብ ብሎ ሲሳብ፣ ከውስጠኛው በር ላይ ይቀመጣል። ክብደቱ በሩን ይጫነዋል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን የእንሽርቱን ከረጢት ከማኅፀኑ ግድግዳ ጥቂት ማላቀቁ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሴቲቱ የራስዋ አካል በሩን የሚያለሰልሰውን ንጥረ ነገር ያፈልቃል። ከውጭ የገባ መድኃኒት የለም፣ የኔታ፤ ፈጣሪ በውስጥዋ ያኖረው ነው የሚነቃው። በሩ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ፊኛው የሚይዘው አጥቶ ራሱ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ማታ ይገባል፣ ጧት አልጋው ላይ ይገኛል።

የኔታ፦ እንግዲያ ምጡን የሚያመጣው ፊኛው አይደለም ማለትሽ ነው?

ሲስተር፦ ለአንዳንዲቱ ይበቃታል። ለብዙዎቹ ግን ፊኛው በሩን ከፍቶ ይሰናበታል፤ ከዚያ በኋላ እንሽርቱ ይቀደዳል፣ በግሉኮስ ውስጥ የምጥ መድኃኒት ጠብ ጠብ እያለ ይሰጣታል። ቱቦውን ለዚህ ሥራ የማዋሉ ነገር በእንግሊዝ አገር ኤምብሬይና ሞሊሰን የተባሉ ሐኪሞች በ1967 ከጻፉ ወዲህ ነው የተስፋፋው። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊትም ነበረ፤ በ1860ዎቹ ባርንስ የሚባል የሎንዶን ሐኪም የጎማ ከረጢት በማኅፀን አፍ ያስገባ ነበር፤ ሌሎችም የደረቀ የባሕር ተክል እንጨት ያስገቡ ነበር፤ እርጥበት ስቦ እያበጠ በሩን ይገፋዋል።

የኔታ፦ የኛ አሮጊቶችስ ቢሆኑ ተልባ ያጠጡ፣ ሆድ በቅቤ ያሹ የለም?

ሲስተር፦ ተልባውን አልቃወምም። ሆድ ላይ ወጥቶ መጫንን ግን እስክሞት እቃወማለሁ፤ በወጣትነቴ በዚያ ምክንያት ማኅፀንዋ የተቀደደ ሴት በእጄ ላይ ሞታለችና።

(እዚህ ላይ ሁለቱም ጥቂት ዝም አሉ። ሲስተር ውኃውን በስሪንጁ መልሰው ሳቡት፤ ዕንቁላሉ ሟሽሾ ቱቦው እንደ ቀድሞው ቀጠነ።)

የኔታ፦ ይህን ሁሉ ከሚደክሙ ኪኒኑን ቢሰጡዋትስ? በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጣል ይላሉ።

ሲስተር፦ የሚያስፈራኝ እሱ በየመድኃኒት ቤቱ መሸጡ ነው። ያ ኪኒን ለጨጓራ ቁስል የተሠራ ነው፤ አንዱ ፍሬ 200 ማይክሮግራም ነው፣ ምጥ ለማስጀመር ግን በአንድ ጊዜ የሚበቃት 25 ነው። እንግዲህ አንድዋን ፍሬ በምላጭ ስምንት ቦታ መክፈል ሊያስፈልግ ነው፤ መብራት በጠፋበት ክፍል በሻማ ሲከፍሉ አይቻለሁ፤ አንዱ ቁራሽ እህል ያህል፣ አንዱ አቧራ ያህል ይሆናል። አብዝታ የወሰደች ሴት ማኅፀንዋ ያለ ዕረፍት ይኮማተራል፣ ሕፃኑ ትንፋሽ ያጣል። ኪኒን አንዴ ከሟሟ ወዲህ ተመለስ አይባልም። ይህ ግን አሁን እንዳዩት ነው፤ ውኃው ይሳባል፣ ቱቦው ይወጣል። ማቀዝቀዣም አይሻም፤ በካርቱም ግንቦት ይቅርና ጥቅምቱ እንኳ እንዲህ ነው፣ መብራቱም እንደምናውቀው ነው። አስቀድሞ በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት ደግሞ ኪኒኑ የተከለከለ ነው፣ የድሮው ስፌት ሊተረተር ስለሚችል፤ ለእርስዋ በጥንቃቄ የሚሆናት ፊኛው ነው።

የኔታ፦ አንቺ እንግዲህ የፊኛው ጠበቃ ሆነሻል።

ሲስተር፦ ጠበቃ ነኝ፣ ግን ሐሰተኛ ምስክር አይደለሁም። በሆላንድ አገር በ824 ሴቶች ላይ ፊኛውንና በብልት ውስጥ የሚቀመጠውን ማለስለሻ መድኃኒት አወዳድረው በ2011 ጽፈዋል፤ በኦፕራሲዮን የወለዱት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኑ፣ የፊኛው ጉዳት አነሰ፣ ጊዜው ግን ረዘመ። በሕንድ ናግፑር ደግሞ የደም ግፊት ባለባቸው 602 ሴቶች ላይ ፊኛውን ከሚዋጠው ኪኒን ጋር ሲያወዳድሩ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በተፈጥሮው መንገድ የወለዱት በኪኒኑ ወገን በዙ። ስለዚህ ኪኒኑን በልኩ የሚሰጥ፣ ሌሊቱን ነቅቶ የልጁን ልብ የሚያዳምጥ ሰው ካለ ኪኒኑም መልካም ነው። እንግዴ ልጁ በሩ ላይ ከተኛ ግን ፊኛ አይታሰብም፤ ልጁ በአግድም ከሆነም ሁለቱም አይሆኑም። ሁሉ ነገር የሚያያዘው ከሚነቃው ሰው ጋር ነው።

የኔታ፦ የሱዳን አዋላጆች ይነቃሉን?

ሲስተር፦ አይናቁዋቸው! እኔ ከነሱ ተምሬአለሁ። ወንዙን ተሻግሮ በኦምዱርማን ሜብል ዎልፍ የምትባል እንግሊዛዊት፣ አስቀድሞ በግብፅ ያገለገለች፣ በ1921 የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ኋላም እኅትዋ መጥታ አገዘቻት። ተማሪዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ሴቶች ነበሩ፤ መድኃኒቱን በሽታው፣ በቀለሙና በጣዕሙ እንዲለዩ ነበር የተማሩት። ሲመረቁ ለእያንዳንዳቸው ዕቃቸውን የያዘ የቆርቆሮ ሣጥን ይሰጣቸው ነበር፤ ይህችን ሣጥን የኔ ማድረጌ በነሱ ቀንቼ ነው። ከነሱ በፊት የነበሩት «የገመድ አዋላጆች» ይባላሉ፤ ወላዲቱ ከጣሪያ የወረደ ገመድ ይዛ ታምጥ ነበርና። ትምህርት ቤቱ ግብፅን ወይም እንግሊዝን እዚህ አላመጣም፤ የነበሩትን ሴቶች አንሥቶ እጃቸውን አስታጠባቸው፤ ትልቅ ነገር ነው።

የኔታ፦ እንደ ኦሪቶቹ አዋላጆች እንደ ሲፓራና እንደ ፉሐ ያሉ ናቸው በይኛ።

ሲስተር፦ እነሱም ፈርዖንን አልሰሙትም። እዚህ ግን እስከ ዛሬ የሚሰሙት የፈርዖን ነገር አለ፤ ልናገረው ያሳፍረኛል፣ ቢሆንም ነገ ለልጅዎ ይጠቅማታል። «ፈርዖናዊ» የሚሉት ግርዛት ሴቲቱን ሰፍቶ ስለሚዘጋት፣ ብዙዎቹን እንኳን ቱቦ ማስገባት አንድ ጣት ሰድዶ መመርመር ጭንቅ ነው። ሱዳን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በሕግ ከልክላዋለች፤ የኛም የወንጀል ሕግ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይቀጣል፤ ጠባሳው ግን ሕጉን አይጠብቅም። የኛ ልጅ በሕፃንነትዋ ከተገረዘች፣ ስትመረመር አሳምመው እንዳያስደነግጧት አስቀድማ ለአዋላጅዋ ትንገራት።

የኔታ፦ (አቀርቅረው) እነግራታለሁ። እንግዲህ ነገ ትግባ ነው የምትዪኝ?

ሲስተር፦ ገና ምን አልሁ? ካርድዋን ይዘዋል?

(የኔታ ከዳዊታቸው መካከል የታጠፈ ወፍራም ወረቀት አወጡ። ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ረዥም ጊዜ ተመለከቱት።)

ሲስተር፦ ልማደ አንስት ለመጨረሻ ጊዜ ያየችበት ቀን እዚህ ላይ በነሱ አንደኛው ወር፣ 21 ቀን ተብሎ ተጽፏል። ለጸሐፊው ምን ብላ ነው የነገረችው?

የኔታ፦ እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ። የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ነው። ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄደን ሳለ አልገባም ብላ ከደጅ ቆማ አስቀደሰች፤ የንግሥ ቀን ስለ ነበረ አዝና ነበር።

ሲስተር፦ ጥር 21 ማለት ነው። የተረጎመላት ሰው ጥር ያው ጃንዋሪ ነው ብሎ ወሩን ለወጠ፣ ቀኑን ግን ሳይለውጠው ተወው። ሱዳኖች ወራቱን በቁጥር ስለሚጠሩ ጸሐፊው አንደኛው ወር 21 ብሎ ጻፈ። የኛ ጥር 21 በነሱ አቆጣጠር 29 ነው። ስምንት ቀን ጠፋ፣ የኔታ።

የኔታ፦ ስምንት ቀን!

ሲስተር፦ በነሱ ቁጥር ዛሬ 287ኛው ቀን ነው፤ 41 ሳምንት ማለት ይህ ነው። በእውነተኛው ቁጥር ግን 279 ነው፤ የምትወልድበት ቀን ተብሎ የሚገመተው 280 ራሱ ነገ ጥቅምት 26 ገና ሊሞላ ነው። በልጅቱ ሆድ ያለው ያልዘገየ እንግዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ተነሥታ ቢሆን ስሕተቱ ይገለጥ ነበር፤ እዚህ የማየው ግን የስምንተኛው ወር ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ የሚነሣው በሳምንታት ሊስት ይችላልና ለቀን አያስተማምንም።

የኔታ፦ (ጣቶቻቸውን እያጠፉ) ቆይ እስቲ። እኛ ባሕረ ሐሳብ ስንቆጥር ጌታ በድንግል ማኅፀን ያደረው ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29፣ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው፤ 275 ቀን። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ጊዜ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ቁጥሩ አንድ ቀን እንዳይተርፍ ልደትን ታኅሣሥ 28 እናከብራለን። ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ቀን በዓል ስታንቀሳቅስ፣ እነዚህ ስምንት ቀን በዋዛ ጣሉ?

ሲስተር፦ የርስዎ ቁጥር ከጽንሰቱ ነው፤ የኛ ከወር አበባው። ጽንሱ በአሥራ አራተኛው ቀን ገደማ ነውና፣ ከጥር 21 ላይ አሥራ አራት ቢጨምሩ?

የኔታ፦ የካቲት 5። ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን... ኅዳር 5።

ሲስተር፦ የሐኪሞቹ 41 ሳምንት ደግሞ ኅዳር 3 ይሞላል። በሁለት ቀን ነው የተለያያችሁት፣ የኔታ፤ ምጥ ማስጀመር አያስፈልግም ወይም ያስፈልጋል ብላችሁ አይደለም።

(የኔታ ሳቁ። ሲስተር ለሦስተኛው ጀበና ውኃ ጣዱ፤ በካርዱ ጀርባ ላይም ሁለቱን ቀን፣ የኛንና የነሱን፣ ጎን ለጎን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፉ።)

የኔታ፦ እንግዲያ ነገ አትሂድ?

ሲስተር፦ ትሂድ እንጂ! ቀርታ ከሐኪሞቹ ጋር እንዳትቀያየም። ካርዱን ለሐኪሙ ታሳየው፤ ቀኑን እንዲያርም፣ ደምዋን እንዲለካ፣ የልጁን ልብ እንዲያዳምጥ ትለምነው፤ ሁሉ ደኅና ከሆነ ራሱ ጠብቂ ይላታል። ነገር ግን የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ከታየ፣ እንሽርቱ ከፈሰሰ፣ ራስዋን አሟት ዓይንዋ ከደበዘዘ፣ የኔንም የርስዎንም ቀን ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ትሩጥ። ይህ ሁሉ ሳይሆን ኅዳር 3 ከደረሰ ፊኛውን ያስገቡላት።

የኔታ፦ ሁለት ቀን ቀርቶ ሳለ?

ሲስተር፦ ሁለቱን ቀን ለሐኪሙ ይተዉለት።

የኔታ ያን ዕለት ቡናቸውን እስከ በረካው ጠጥተው ሄዱ። ልጅቱም በማግስቱ ቀኑ ታረመላትና ወደ ቤትዋ ተመለሰች፤ ኅዳር 3 ቀን ማታ ገብታ ፊኛው ተደረገላት፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ራሱ ወደቀ፣ ኅዳር 4 ቀን ቀትር ሳይሆን ሴት ልጅ ወለደች፣ እኛም ገንፎ በላን። ሕፃኗ በ80 ቀንዋ ጥር 23 ተጠመቀች። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በቅዳም ሥዑር ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ አምስት ወር ከሦስት ቀን ሆኗት ነበር፤ በእናትዋ ጀርባ ታዝላ በመተማ በኩል አገርዋ ገባች። የሲስተር የቆርቆሮ ሣጥን ግን ከነቱቦዎቹ በደይም ቀረ።